ደፉ ላይ የሚተኛው ውሻ

ባለቤቴ ያመጣው ውሻ ሲጠሩት አይመጣም፣ ሲያባርሩትም አይሄድም። ደስ ሲለው ሦስት ቀን ጠፍቶ ይመለስና በራችን ደፍ ላይ ጋደም ይላል። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ተራምዶት ነው የሚገባው። «እሱ ለንጉሥም አይነሳ» ይሉኛል። ለእኔ ለምመግበውም አይነሳም። የሚነሳው ለባለቤቴ ብቻ ነበር፤ ሲገባም ሲወጣም ብድግ ብሎ፣ ጭራውን እየቆላ መንገድ ይለቅለታል። ባለቤቴን ከቀበርነው ወዲህ ግን ለማንም ተነስቶ አያውቅም።

ዛሬ ከሰዓት የባለቤቴን ኮት ለታናሽ ወንድሜ አጠበብኩለት። ከልብሱ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፤ የትከሻውን ስፌት ስፈታ እጄ እምቢ አለኝ። ቢሆንም ወንድሜ ነገ ሥራ ይጀምራል፣ ኮት ደግሞ የለውም።

«እንዴት ነኝ?» አለ ለብሶት።

«ሙሽራ መስለሃል።»

«ከሙሽሪት በቀር ሁሉም ተሟልቷል በይኛ!»

ሳቅንና ውሻውን ተራምዶ ወጣ። ውሻው ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። እኔም ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ክር መሰካት ጀመርኩ።

ወንድሜ ግቢው መሃል ሲደርስ ውሻው ብድግ አለ። ከደፉ ወርዶ ጥግ ያዘና ጭራውን እየቆላ መንገድ ለቀቀ። በበሩ የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ወደ ኋላ ሳይዞር ቆም አለና ሳቀ።

«እታለም፣ ትከሻዬን ልቀቂኝ እንጂ! ኮቱን አጨማደድሽብኝ እኮ።»

እኔ ከስፌት መኪናዬ አልተነሳሁም።