ጋሽ አይሆንም ያልሰሙት ጣቢያ

ልጅቷ ለብቻዋ ስታነብ ድምፅዋ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ይላል። አንድ እንግዳ ከገባ ግን ጉሮሮዋ ይዘጋል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ወዲህ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በቀረበች ቁጥር ስሟን እንኳ በቅጡ ሳትናገር ነበር የምትመለሰው። የሰፈሩ ማኅበር ትንሽ የኤፍ ኤም ጣቢያ ሊከፍት አንባቢ ሲፈልግ፣ እናቷ ሳታማክራት አስመዘገበቻት።

«ሬዲዮ እኮ ነው፤ ማን ያይሻል?» አለቻት።

ማኅበሩ የሙከራ ጊዜ ሰጣት። ከዚያ በኋላ በስብሰባ ይወሰናል፤ ሰው ከሰማት ትቀጥላለች፣ ካልሰማት ማሰራጫ ማሽኑም ይሸጣል፣ እሷም ወደ ክፍሏ ትመለሳለች።

ማሰራጫውን የመረጠው ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አጎቷ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ትልቅ ካልሆነ ብለው ሞግተውት ነበር።

«ጎረቤት ለመጥራት መድፍ አይተኮስም» አላቸው። «ፈቃዳችንም ለሰፈር ብቻ ነው፤ አምስት ዋት ይበቃናል። ዋናው አንቴናው ከፍ ማለቱ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ለሚጮህ ሰው ጉልበት ምን ያደርግለታል?»

ማሽኑን ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና መውጫው ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ጥርሳም ብረት ገጠመበት።

«ያለ አንቴና ከተከፈተ ራሱን ያቃጥላል። ይቺ ለሙከራ ናት፣ ኃይሉን ትውጠዋለች። አሁን ከፈለግሽ ስደቢኝ፤ ከዚህ ቤት አይወጣም። ስንጨርስ በቦታዋ የአንቴናው ገመድ ይገባል።»

«አንተ ጉረኛ!» አለች ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብላ።

«አንተ ጉረኛ!» አለ ከማድ ቤት የእናቷ ሬዲዮ። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ።

አጎቷ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ሰቀለ፤ ጥቁሩን ገመድም በመስኮት ወደ ውስጥ ለቀቀ። ለሥራ ሌላ ከተማ የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ያምባርቃል። «አለቀ! ጀምሪ!» ብሎ ከመሰላሉ በቀጥታ መኪናው ውስጥ ገባ።

ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ሻርፗን በጥቁሩ ገመድ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ሻይዋን እንዳይቀዘቅዝባት ከማሽኑ ጎን የምትሞቅ ብረት ላይ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ማስታወቂያ፣ አጭር ተረት፣ የጠፋ ድመት ወሬ ታነባለች። የመጀመሪያ ቀን ድምፅዋ እንደ ጥጃ ተንቀጠቀጠ።

«ጥርት ብሎ ይሰማል!» ብላ እናቷ ከማድ ቤት ጮኸች።

ሰፈሩም ወዲያው ወደዳት።

«የኔ ማር፣ አንቺን ሳልሰማ ሊጥ አላቦካም» አሏት ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ «የትናንቱ ዘፈን ገደለኝ እኮ!» አላት። ዘፈን አሰምታ አታውቅም። ከሌላ ጣቢያ ጋር ተቀላቅሎበት ይሆናል ብላ አለፈችው።

ጉሮሮዋ ቀን በቀን እየተከፈተ መጣ። የሚያናድዳት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ የተቀመጡት ሰዓት ሠሪ። የሞተ ሰዓት ይዞ የመጣን ሁሉ ሳያባብሉ «አይሆንም» ብለው ስለሚመልሱ ጋሽ አይሆንም ይባላሉ። ሬዲዮ ከጆሯቸው ተለይቶ አያውቅም።

«ጋሽዬ፣ ሰሙኝ?»

«አልሰማሁሽም።»

በማግስቱም ጠየቀቻቸው። «ዛሬስ?»

«ሽሽሽ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። አንቺ ነሽ?»

እያለቀሰች ቤት ገባች። «ቅናት ነው» አለች እናቷ። «የእህቱን ልጅ አንባቢ ሊያስደርግ ፈልጎ ነበር እኮ!»

አንድ ሰሞን፣ ቅዳሜ ውሃ እንደሚቋረጥ ደጋግማ አስታወቀች። ቅዳሜ ደረሰ። እናቷ ጄሪካኖቿን ሞልታ ስትጠብቅ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ባዶ ባልዲ አንጠልጥለው መጡ። ፀጉር አስተካካዩም ግማሽ ጭንቅላቱ በሳሙና የተለወሰ ደንበኛ እየጎተተ ተከተላቸው።

«ወይ ጉድ! ሰው እኮ ሰምቶ አይሰማም» አለች እናቷ እየቀዳችላቸው።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሊቀመንበሩ «ልጃችንን የሚሰማ?» ሲሉ እጅ እንደ ጫካ ቆመ። ጋሽ አይሆንም ብቻ እጃቸውን ሳያወጡ ራሳቸው ተነሡ።

«እኔ አንድም ቀን አልሰማኋትም።»

«ሬዲዮዎ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ሬዲዮዬ የሩቁን ሁሉ ያመጣል።»

«እንግዲያው ጆሮዎን ያሠሩት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ልጅቷ ብድግ አለች። ድምፅዋ አልከዳትም። «ጋሽዬ፣ የሚቆመው ሰዓት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጆሮም ይቆማል!»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያለ ማይክራፎን መናገሯን ያወቀችው ከተቀመጠች በኋላ ነው። ጣቢያው እንዲቀጥል፣ እሷም አንባቢ እንድትሆን ተወሰነ።

ጋሽ አይሆንም ኮፍያቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። «አሁን ሰማሁሽ» አሏትና ወጡ።

በማግስቱ አጎቷ ከመንገድ ተመለሰ። ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሻይዋን እየጠጣች፣ የእትዬን ሊጥ፣ የሰዓት ሠሪውን ጆሮ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አጫወተችው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ለሌላ ሥራ የመሣሪያ ቦርሳውን ሲያዘጋጅ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ስሚ እንጂ፣ ያቺን የሙከራዋን ጥርሳም ብረት ቦርሳዬን አራግፌ አጣኋት። ገመዱን በቦታዋ ስታስገቢ የት አኖርሻት?»

ልጅቷ የሻይ ብርጭቆዋን፣ ማሽኑ መውጫ ላይ እንደተገጠመች ካለችው ጥርሳም ብረት ላይ አነሳችለት።