አንድ ወንበር

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ግን ሐይቁን ያናውጠው ነበር። የሁለቱ ጓደኛሞች አውቶብስ ጎማ መንገድ ላይ ፈንድቶ ስላዘገያቸው፣ ወደ ፏፏቴው በምትሄደው የመጨረሻ ጀልባ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል። የልብስ ሰፊዋ ዓይን እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ «ማየት የምትፈልጊውን ዘንድሮ እዪ» ስላላት ነው ጓደኛዋ ነርሷ ይዛት ባሕር ተሻግራ ሰው አገር የመጣችው። ጀልባ ነጂው የፈታውን ገመድ በእጁ እንደያዘ ጠበቃቸው።

«ግቢ» አለች ነርሷ።

«አንቺ ግቢ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በሞቴ፣ ለአንቺ ብለን አይደል የመጣነው?»

«ብቻዬንማ አልገባም። አይተሽ ትነግሪኛለሽ፤ ከእንግዲህ ሥራሽ እሱ አይደል?» ብላ ሳቀች።

ነርሷ አልሳቀችም። ክንዷን ይዛ ወደ ጀልባዋ ገፋ አደረገቻት፤ ልብስ ሰፊዋም የእሷን ክንድ ይዛ መልሳ ገፋቻት። ዕድሜ ልካቸውን በየቤታቸው ደጃፍ «ቅደሚ»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ የቆሙት እንዲሁ ነበር፤ እዚያ ግን በሩ ይጠብቃቸዋል። ቋንቋቸውን የማያውቀው ጀልባ ነጂ ሁለቱም እንቢ ማለታቸውን ከእጃቸው ተረዳ፤ ገመዱን ጠቅልሎ ሞተሩን አስነሣ። ወደ አገራቸው የሚመለሱት በማግሥቱ ጠዋት ነበር።