ድቡልቡሉ ፊደል

ጋሽ መንበሩ ያን ወፍራም፣ ጥግ የሌለው ድቡልቡል ፊደል የሳሉት ለሕፃናት ብስኩት መጠቅለያ ነበር። የሐኪም ጽሑፍ አሳስቶ ሰው እንዳይገድል ተብሎ ጽሑፍን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል የሚቀይር ስስ ሌንስ በሁሉም ዓይን ላይ ከተተከለ ወዲህ ግን፣ ማንም በምንም ቢጽፍ ለአንባቢው የሚታየው በእሳቸው ፊደል ነው። የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር ብስኩት የሚያስተዋውቅ ይመስላል።

ባለቤታቸው አስካለ ካረፈች በኋላ፣ በእጇ «ኮረሪማ» ብላ የጻፈችበት ወረቀት የተለጠፈበትን ብልቃጥ ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። ለእሳቸውም የሚታያቸው ያው ድቡልቡሉ ነው፤ ከሥሩ ግን ወደ ግራ የሚያዘነብለው የእሷ ጽሕፈት እንዳለ ያውቃሉ። በአውራ ጣታቸው ሳይዳብሱት አይውሉም።

ዛሬ ልጃቸው ስንዱ መደርደሪያውን ስትወለውል ብልቃጡን አነሳችው።

«ተይው!» አሏት።

«ውይ አባዬ፣ አልሰብረውም! ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ ስለተላጠ፣ ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ እኔው ነኝ በአዲስ የጻፍኩት።»

«አሮጌውስ?»

«ጣልኩት። ምነው? ያው አንድ ፊደል አይደል?»

ጋሽ መንበሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከፋሲካ ወዲህ ሲዳብሱ የከረሙት የልጃቸውን ጽሕፈት ነበር፤ አንድም ቀን አላወቁትም።

ስንዱ ጨርቁን እንደያዘች ፊታቸውን ተመለከተች።

«ምንም አይደል፣ የኔ ልጅ» አሏት በደከመ ድምፅ። «ቆንጆ አድርገሽ ነው የጻፍሽው።»