የለቅሶ ችግኝ

የባሏን አስከሬን በቃሬዛ ሊያወጡት ሲሉ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን አየችው፤ ባዶ ነበር። በኢንዶኔዥያዋ ከተማ በሱራባያ ሰው ሲሞት የላኪው ስም በትልቁ የተጻፈበት የአበባ ሰሌዳ ከበር እስከ መታጠፊያው ይደረደራል። የአበባ ሻጮች ማኅበር ግን ሰሌዳው የሚሠራበት ፎም ወንዙን ስላፈነው ከእንግዲህ እንዳይሠራ ወስኗል። ያስወሰነችውም ሊቀመንበሯ፣ እሷው ራሷ ናት።

«ልጄ ሰው አልነበረውም?» አለች አማቷ ከወንበሯ ሳትነሳ። «ለዶሮ ሻጩ እንኳ መንገድ እስኪጠፋ ተደርድሮለት የለም እንዴ! ለልጄ ሲሆን ነው ወንዙ ያሳዘነሽ?»

ያን ጊዜ ከወደ መታጠፊያው የቅጠል ሹክሹክታ ተሰማ። የማኅበሩ አባላት ችግኝ ታቅፈው ይመጡ ነበር። የሌሊቱ ዝናብ ከአስፋልቱ እየተነነ እግራቸውን ስለሸፈነው፣ ዛፎቹ ራሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። አንዱ አባል የማንጎ ችግኝ ከአሮጊቷ እግር አጠገብ አስቀመጠ።

«ስም እንኳ የለበትም» አለች አሮጊቷ።

ቃሬዛው በአጠገቧ አለፈ። እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ሰሌዳዎቹን ሻጮቹ ከቀብር መልስ ሰብስበው እንደሚወስዱ ታውቃለች።

«ይሄንንስ መቼ ነው የምትወስዱት?»

«አንወስደውም፣ እማማ።»

አሮጊቷ በብርጭቆ የያዘችውን ውሃ አልጠጣችውም። ጎንበስ ብላ ከችግኙ ሥር ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው፤ ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ለምራቷ ዘረጋችላት።

«ጨምሪ፣ ልጄ። ጠምቶታል።»