የሹሩባ ሠሪዋ ልጅ ለምን ሻሽ አሰረች?

በሩን የከፈተችው ልጇ ዛሬ ሻሽ አላሰረችም ነበር...

ገና ከሻወር መውጣቷ ነው። ያንኳኳችው ጎረቤቷ መስላታለች።

እናትየው ደፍ ላይ ደርቃ ቀረች። ስታሰላስለው የመጣችውን ወቀሳ ሁሉ ረሳችው።

የልጇ ፀጉር ከግንባሯ ወደ ኋላ ሸሽቷል... ከጆሮዋ በላይ ቆዳው ብቻ ያበራል።

እናትየው በሰፈሩ የታወቀች ሹሩባ ሠሪ ናት። "ብረት እጅ" ይሏታል። እሷ የጎነጎነችው ወር ቢቆይ ንቅንቅ አይልም።

ልጇን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥብቅ አድርጋ እየሠራች ደጅ ላይ ታስቀምጣት ነበር። ያያት ደንበኛ ሁሉ "እንደሷ ሥሪኝ" እያለ ይገባል።

ልጅቷ አድጋ ሥራ ስትይዝ ግን ቤት ተከራይታ ወጣች። ሻሽ ማሰር ጀመረች። እናቷ ፀጉርሽን ልሥራልሽ ባለቻት ቁጥር ሰበብ አታጣም።

እናት ተቀየመች።

ላገኘችው ሁሉ፣ ያሳደጋትን እጄን ተጸየፈች፣ ኮራችብኝ እያለች ከረመች። አክስቶቿም አኮረፏት። ልጅቷ ለማንም መልስ አልሰጠችም።

"ምነው ልጄ... ለኔ እንኳ አትነግሪኝም?" አለቻት እናትየው አሁን ደፉ ላይ ቆማ።

ልጅቷ ፎጣውን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረገች።

"የሹሩባ ሠሪዋ ልጅ ራሰ በራ ናት ከተባለ ማን ይመጣልሻል እማ? እንጀራሽን ልዝጋው?"

ፎጣውን እያስተካከለች ጨመረች።

"ደሞ ልጅ ሆኜ ያመኛል ብዬሽ ነበር። 'ቻይው፣ ያምርብሻል' አልሽኝ።"

እናትየው ልታስታውሰው ሞከረች... ትዝ አላላትም። ከሁሉ የባሰ ያንገበገባት ይሄ ነው።

ተያይዘው ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዱ።

ሐኪሟ አስረዳቻቸው። ጥብቁ ጉንጉን ሥሩን ሲጎትተው ኖሯል። ገና ሲያማትና ብጉር ብጉር ሲልባት ቢላላ ኖሮ ተመልሶ ይበቅል ነበር። አሁን የጎንና ጎኑ በመድኃኒት ሊያገግም ይችላል፤ የግንባሯ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኗል... አይመለስም።

እናትየው አክስቶቹ ቤት እየዞረች፣ ልጄን ያማኋት በሐሰት ነው አለች።

ዛሬም ትሠራለች። ጠበቅ አድርጊው የምትላትን ግን እሺ አትልም። "እጇ ላልቷል" ብለው የሸሿትም አሉ። ግድ አልሰጣትም።

ልጅቷ ይቅር ብላታለች። እናት ግን ለራሷ የምትሆን ይቅርታ እስካሁን አላገኘችም...

ወዳጆቼ፣ ፀጉር ሲሠራ ካመመ ጠብቋል ማለት ነው፤ ያኔውኑ ይፈታ። ዝም ባለ ሰው ላይ ለመፍረድም አንቸኩል። ዝምታው እኛኑ ሊሸፍን ይሆናል።

እናንተስ እሷን ብትሆኑ ለእናታችሁ ትነግሯት ነበር ወይስ ትደብቋት? እስቲ ከታች ጻፉልኝ...