ዳሌን የሚይዘው ጡንቻ

መምህር አስፋቸው ያምሮትን ማየት አይፈልጉም። ክፍል ውስጥ ትከራከራቸዋለች፤ ሲቆጧት ደግሞ ዓይኗን ከዓይናቸው ላይ አትነቅልም። የሰውነት አካላት የቃል ፈተና ቀን ሌሎቹን ተማሪዎች በቀላል በቀላሉ ጠይቀው ካስቀመጧቸው በኋላ እሷን ብቻ የማስተማሪያው አጽም አጠገብ አቆሟት።

«ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ዳሌው እንዳያዘነብል የሚይዘው የትኛው ጡንቻ ነው?»

«መካከለኛው የመቀመጫ ጡንቻ ነው። እግርን ወደ ጎን የሚከፍተውም እሱ ነው» አለች።

«ቢዳከምስ?»

«በዚያ እግር በቆምን ቁጥር ዳሌያችን በሌላው በኩል ዝቅ ይላል።»

በትክክል መመለሷ ይበልጥ አናደዳቸው። ስታነክስ ሁሌም ያያሉ። «ሽምደዳ ነው!» አሉ። «እስቲ ወዲያ ወዲህ በይና አሳዪን።»

ያምሮት ፊቷ ቀላ፤ ግን ከመስኮቱ እስከ በሩ ተራመደች። ቀኝ እግሯን በረገጠች ቁጥር የግራ ዳሌዋ ወደ ታች ይወርዳል። ጓደኞቿ አንገታቸውን ደፉ።

«ምክንያቱስ?» አሉ መምህሩ፣ አልበቃቸው ብሎ።

«ነርቩ ተጎድቶ ነው። በአምስት ዓመቴ መርፌ ያለቦታው ተወግቼ ነው።»

«የት የተማረ ደንቆሮ ነው እንደዚህ አድርጎ የወጋሽ?»

ያምሮት ወደ ጠረጴዛቸው ተጠጋች።

«ያኔ የቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ነርስ እርስዎ ነበሩ» አለች። «የተወጋሁበትን ካርድ እናቴ እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች፤ የእርስዎ ስም ነው ያለበት።»