የአስካል ወገብ

አስካል እጇን ዘረጋች። ጽጌወይን ግን ሕፃኗን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛውራ፣ «ገና አሁን ነው የጠባችው፤ ታስመልስብሻለች» አለቻት። ያቺ ግድ የለሽ ጽጌወይን፣ ከወለደች ጀምሮ ልጇን ለመጣው ሰው ሁሉ ስታሳቅፍ የከረመችው፣ ዛሬ ጥንቃቄ ጀመራት።

አስካል አልከፋትም። ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ትራስም አልጠየቀችም። እሑድ ቄሱ ከሎስ አንጀለስ ሲመጡ ይህችን ሕፃን ክርስትና የምታነሳት እሷ ናት። ጽጌወይን ገና እርጉዝ ሳለች ነው «ሴት ከሆነች ያንቺ ናት» ብላ ቃል የገባችላት። አስካል የራሷ ልጅ የላትም፤ እግዜር አልሰጣትም። ስለዚህ ያቺን ቃል ይዛ ስትጠብቅ ኖራ፣ ዛሬ ነጩን የክርስትና ቀሚስ ገዝታ መጥታለች።

ወገቧም ቢሆን ለዚሁ ቀን ደርሶላታል። ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ፍራሽ ስታነሳ፣ አንሶላ ስትወጥር ዓመታት አልፈው፣ አንድ ቀን የእንግዳ መታጠቢያ ገንዳ ሥር ተንበርክካ መነሳት አቃታት። ሐኪሙ ኪኒን ያዝዝልኛል ብላ ስትጠብቅ «ክብደት ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ፤ ወገብሽ የተሸከመው ፍራሹን ብቻ አይደለም» አላት። በጣም ተናዳ ነበር የወጣችው። ቢሆንም ሕመሙ ከንዴቱ ባሰና፣ ጠዋት ጠዋት ከሺፍቷ በፊት የአፓርታማው መዋኛ ውስጥ በቲሸርትና በሱሪ ገብታ፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ውሃውን እየገፋች ትመላለስ ጀመር። ማታ ምንጣፍ ላይ ተንጋላ እግሯን ታነሳለች። ለስላሳ ተወች፣ የሠራተኛ ምግብ ቤቱን ኬክም ተወች። ቀስ በቀስ ዩኒፎርሟ ሰፋት፣ ወገቧም ለቀቃት። ባለፈው ሳምንት ግድግዳ ሳትይዝ ጎንበስ ብላ ገንዳውን አጥባ ስትጨርስ፣ የማታውቀው ሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻዋን እልል ብላለች።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አሏት እትዬ የሻሽወርቅ፣ ከጽጌወይን አጠገብ የተቀመጡት ጎረቤት። ቴሌቪዥኑ ትናንት በፈንጂ የፈረሰውን አሮጌ ሆቴል ደጋግሞ ያሳያል፤ ሴትዮዋ ግን ዓይናቸውን ከአስካል አንገት ላይ አልነቀሉም።

አስካል ደስ ብሏት ሁሉንም ተረከች፤ ሐኪሙን፣ ውሃውን፣ እግር ማንሳቱን። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ቡፌው በረከሰበት ከተማ ወዶ የሚከሳ ሰው መኖሩን ማን ያምናል?

«ሐኪሙ ደምሽንስ አላየውም?» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ።

«ደም ለወገብ ምን ያደርጋል?»

«እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ ልጄ።»

ምሳ ቀረበ። ጽጌወይንና እትዬ የሻሽወርቅ ትሪው ላይ እጃቸውን ሰደዱ። ለአስካል በወረቀት ሳህን አንድ ጥቅል እንጀራ፣ ከላዩ ወጥ፣ ከጎኑ የፕላስቲክ ሹካ መጣላት።

«ምነው ጽጌ? እኔስ ከእናንተ ጋር አልበላም?»

«ማጎንበስ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው። ለወገብሽ» አለች ጽጌወይን፣ ትሪውን እያየች።

አስካል ሳህኑን አወቀችው። ታክሲ ነጂው መዝገቡ አምና መንምኖ መንምኖ ሲሞት ሰው ሁሉ የሳንባ ምች ነው አለ፤ ኤድስ የሚለውን ቃል ድምፁን ከፍ አድርጎ የጠራ አልነበረም። ነገር ግን እዚሁ ቤት ሲመጣ በወረቀት ሳህን ለብቻው ነበር የሚቀርብለት። ያኔ አስካል ከትሪው ዙሪያ ነበረች።

«ጽጌ፣ ምንም በሽታ የለብኝም። ከፈለግሽ ነገ ተመርምሬ ውጤቱን አሳይሻለሁ።»

«ማን ምን አለሽ?» ጽጌወይን ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ እንደምንም ብላ ተናገረችው። ወልደሥላሴ፣ ባሏ፣ ሰው የሚያወራውን ሰምቶ ሥጋት ገብቶታል። ያስተዋወቃቸውም ያጋባቸውም አስካል መሆኗን አልረሳም፤ ግን ሕፃኗ ልጅ ናት፣ ገና ጨቅላ። «የእሑዱን እትዬ የሻሽወርቅ ያንሱልን» አለች። «አንቺ ደግሞ ስትጠነክሪ፣ የሚቀጥለውን።»

ስትጠነክሪ። አስካል በዕድሜዋ እንደዚህ ሰሞን ጠንክራ አታውቅም። ተነስታ ፍራሹን ከነአልጋው ባነሳችላቸው ደስ ባላት። እሱንም ቢሆን አያምኗትም። እነሱ የሚያውቁት ጤና ሙሉ ጉንጭና ሰፊ ዳሌ ነው፤ እሷ ደግሞ ሁለቱንም በገዛ እጇ ውሃ ውስጥ ጥላ መጥታለች።

መዝገቡ በመጨረሻው ሰሞን በጉሮሮው አልወርድ እያለው ምግቡን እንዲሁ ሲያገላብጥ ይውል ነበር። እንግዲያው የታመመ ሰው አይበላም። አስካል ሹካውን ወዲያ አድርጋ በእጇ መብላት ጀመረች። ቅባቱን ከተወች ቆይታለች፤ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ሆዷ እምቢ አለ። እንደምንም ውጣው ሌላ ጎረሰች። ሴቶቹ እጃቸውን ትሪው ላይ አቁመው ያዩዋታል። ሕፃኗ እትዬ የሻሽወርቅ ጭን ላይ ተኝታለች።

«ጨምሪልኝ» አለች አስካል፣ ባዶውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ።

ጽጌወይን ድስቱን አመጣች። ጭልፋው ሳህኑን እንዳይነካባት እጇን በጣም ከፍ አድርጋ ቀዳች፤ ትኩሱ ወጥ ከላይ ወርዶ በአስካል ጣቶች ላይ ተረጨ።